ተቀምጠው የሚጫወቱት ቮሊቦል፦ ጎንደር ላይ ሜዳ ስለማዘጋጀት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜዳ ለመሥራት ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ሲቲንግ ቮሊቦል ምንድን ነው? ዊልቸር ላይ ሆነው ነው የሚጫወቱት?

አይደለም። ዊልቸሩም፣ ክራንቹም፣ ሰው ሠራሽ እግሩም ከሜዳ ውጭ ይቀመጣሉ። ተጫዋቹ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ በእጁ እየገፋ፣ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚጫወተው። የቀረው ሁሉ የምናውቀው ቮሊቦል ነው። በየቡድኑ ስድስት ሰው፣ ሦስት ንክኪ፣ 25 ነጥብ። ትልቁ ልዩነት አንድ ነው፤ ኳስ በምትነኩበት ቅጽበት መቀመጫችሁ ከወለሉ መነሳት የለበትም።

ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ኔዘርላንድስ ውስጥ ነው። ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ) ላይ ወንዶች በ1980 አርንሄም፣ ሴቶች በ2004 አቴንስ ለሜዳልያ መፎካከር ጀመሩ። ሩቅ ሳንሄድ ሩዋንዳን እንይ። የወንዶች ቡድኗ በ2012 ለንደን ላይ፣ የሴቶቹ ደግሞ በ2016 ሪዮ ላይ ተጫውቷል። ይህን የማነሳው «እኛ አገር አይሆንም» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው። አፍሪካ ውስጥ ሆኗል።

ሜዳው ስንት በስንት ነው?

ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር። መሀል ላይ በመረብ ይከፈልና ለየቡድኑ 5 በ6 ይደርሰዋል። ከመሀል መስመሩ 2 ሜትር ርቆ በሁለቱም በኩል የማጥቂያ መስመር አለ።

ግን 10 በ6 ቦታ አገኘን ብላችሁ አትቸኩሉ። ዙሪያውን ቢያንስ 3 ሜትር ነፃ ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ የምትፈልጉት ቦታ 16 በ12 ነው። ለልምምድ ብቻ ከሆነ ከዚያ ባነሰም ሲጫወቱ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ግድግዳው ቅርብ ከሆነ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱ ነው የሚመታው። ቦታ ካጠራችሁ ግድግዳውን በስፖንጅ ወይም በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኑ።

ጎንደር ውስጥ የት ብንሠራው ይሻላል?

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አዲስ ከመሥራታችሁ በፊት ያለ አዳራሽ ፈልጉ። የቀበሌ መሰብሰቢያ፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የወጣት ማዕከል። አብዛኞቹ ሊሾ ወለል አላቸው፤ በሳምንት ብዙ ቀን ደግሞ ባዶ ናቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለው፤ እዚያም ሄዶ ማነጋገር ያዋጣል።

አዳራሽ ከመምረጣችሁ በፊት ግን ዊልቸር ከሚጠቀም ሰው ጋር ሆናችሁ ከመንገዱ እስከ ወለሉ ድረስ ሂዱ። ይህን ምክር አትዝለሉት። ጎንደር ዳገት ናት፤ ኮብልስቶኑም ለዊልቸር ፊት ጎማ ፈተና ነው። አዳራሹ ሲያምር አይተን ተስማምተን፣ ኋላ በሩ ላይ ሦስት ደረጃ ያገኘንበት ጊዜ አለ። ባጃጅ በር ድረስ ይገባል? በሩ ዊልቸር ያሳልፋል? መጸዳጃ ቤቱስ? እነዚህ ሦስቱ ካልተሟሉ ከመሀል ከተማ ትንሽ ራቅ ያለ፣ መሬቱ ለጥ ያለ ቦታ ይሻላል። ወደ አዘዞ ሲወረድ እንዲህ ያለ ሜዳማ ቦታ ይገኛል። ግን የባጃጁ ወጪ ይጨምራል፤ እሱንም አስቡበት።

ወለሉ ምን ዓይነት መሆን አለበት?

ገንዘባችሁንም ሐሳባችሁንም የምታውሉት እዚህ ላይ ነው። ቆሞ የሚጫወት ሰው ወለሉን የሚነካው በጫማው ነው። ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ግን በመዳፉ፣ በጭኑ፣ በመቀመጫውና በተቆረጠው እግሩ ጫፍ ነው። አንዳንዱ ተጫዋች እዚያ አካባቢ ስሜት የለውም፤ ቢቆስልም ቶሎ አያውቀውም። ስለዚህ አፈር፣ ጠጠር፣ አስፋልትና ሻካራ ኮንክሪት አይሆንም። ሣር ለመጀመሪያ ቀን ማስተዋወቂያ ይሆናል፤ ለዘለቄታው ግን ሰው አይንሸራተትበትም፣ እሾህና ድንጋይም ይደብቃል። ጥሩ የሚባሉት የእንጨት ወለል፣ የፕላስቲክ ምንጣፍ የተነጠፈበት ወለልና ልስልስ ያለ ሊሾ ናቸው። ሴራሚክ የሚመረጠው መጋጠሚያው ካልተሸራረፈ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ሜዳችን ላይ ግንበኛው ሊሾውን በመጥረጊያ ጎርበጥ ጎርበጥ አደረገው። ዝናብ ሲመጣ እንዳያንሸራትት ብሎ ነው፤ ለሚቆም ሰው ቢሆን ልክ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ሲያልቅ የልጆቹ መዳፍ ቀልቶ ነበር፤ የአንዷ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተበስቷል። ግራይንደር ተከራይተን ሁለት ቀን ሙሉ አለሰለስነው። ከዚያ ወዲህ ለግንበኛ የምነግረው አንድ ነገር ነው። «ባዶ እጅህን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎትተው፤ ካልቧጠጠህ አልቋል።»

ከባዶ መሬት የምትጀምሩ ከሆነ ገረጋንቲው በደንብ ይጠቅጠቅ። መጫወቻውን ብቻ በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካፈሰሳችሁ 6 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው፤ ዋጋ ስትጠይቁ ይህን ቁጥር ያዙ። ነፃ ቦታውም እኩል ከፍታና እኩል ልስላሴ ይኑረው፤ ተጫዋቹ ኳስ ተከትሎ ወደዚያ ይንሸራተታልና። ኮንክሪት እንዳይሰነጠቅ መቁረጫ መስመር ያስፈልገዋል። ቁርጡን ግን ከሜዳው መስመሮች ጋር አስማሙት። ከጫፍ 3 ሜትር፣ ከዚያ 2፣ መሀል መስመር፣ እንደገና 2፣ ከዚያ 3። ቁርጡ መስመሩ ስር ይገባል፣ ከላይ በቀለም ወይም በፕላስተር ይሸፈናል፣ ጣት የሚይዝ ስንጥቅ አይቀርም። ወርዱን ለሁለት የሚከፍለውን ቁርጥ ደግሞ ሞልታችሁ ከወለሉ ጋር እኩል አድርጉት። ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን እርጥብ ማዳበሪያ ከረጢት አልብሱትና ውሃ አጠጡት።

ከቤት ውጭ ከሆነ ውሃው በየት ይሂድ?

ለቤት ውጭ ሜዳ በአንድ ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ተዳፋት ይፈቀዳል። በ6 ሜትሩ ወርድ 3 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ተዳፋቱን በወርዱ በኩል አድርጉት። በርዝመቱ ካደረጋችሁት አንዱ ቡድን ዳገት፣ ሌላው ቁልቁለት ይጫወታል፤ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ቢሆን የጠዋትና የማታ ፀሐይ የማንንም ዓይን አይወጋም።

መስመሩን ቀጥ አድርገን እንዴት እናሰምር?

አራት ችካል፣ ሲባጎና ሜትር ይበቃል። አንዱን ችካል ትከሉ። ከእሱ 10 ሜትር ለክታችሁ ሁለተኛውን ትከሉ። ከዚያ በወርዱ 6 ሜትር ለኩ። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን የምታውቁት በዓይን አይደለም፤ በአግድሙ ነው። ከማዕዘን ወደ ተቃራኒ ማዕዘን ያለው ርቀት በሁለቱም በኩል 11 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። አንዱ ከረዘመ ሜዳው ተጣሟል። ችካሉን እያንቀሳቀሳችሁ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ሞክሩ። ሊሾ ላይ ችካል አይተከልምና በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

መስመሩ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። የዳር መስመሮቹ የሜዳው አካል ናቸው፤ 10 በ6 ሲባል እነሱን ጨምሮ ነው። ስለዚህ ፕላስተሩን ከሲባጎው ወደ ውስጥ ለጥፉ። የማጥቂያ መስመሩን ስታሰምሩ 2 ሜትሩን የምትለኩት ከመሀል መስመሩ እምብርት እስከ ማጥቂያ መስመሩ የኋላ ጠርዝ ነው። የመስመሮቹ ርዝመት ሁሉ ተደምሮ 50 ሜትር ይሆናል። ትርፍ ፕላስተር ግዙ፤ በመቀመጫ የሚፈተግ መስመር ቶሎ ይነሳል። ጠርዙ የተነሳውን ወዲያው ቁረጡና ቀይሩት። ከእንጨት ወይም ከብረት የተሠራ ጉብ ያለ መስመር ፈጽሞ አይፈቀድም።

አዳራሹ ላይ ሌላ መስመር ካለ ግራ አያጋባም?

ያጋባል። ቀለሙን ለዩት። የቅርጫት ኳሱ መስመር ነጭ ከሆነ የእናንተ ቢጫ ይሁን። የሌላውን ስፖርት መስመር ግን አታጥፉ፤ አዳራሹን የምትጋሩት ከሰው ጋር ነው።

መረቡ ምን ያህል ይራቅ ከመሬት? ያለንን የቮሊቦል መረብ መጠቀም እንችላለን?

የላይኛው ጫፍ ለወንዶች 1 ሜትር ከ15፣ ለሴቶች 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። የምትለኩት መሀሉ ላይ ነው። ዳርና ዳሩ እኩል መሆን አለባቸው፤ ከመሀሉም ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አይበልጡም። የራሱ መረብ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ6 ሜትር ተኩል እስከ 7 ሜትር ነው።

የተለመደው መረብ ወርዱ 1 ሜትር ስለሆነ ለሴቶች ከፍታ ስትሰቅሉት ከመሬት የሚቀረው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እግር ይጠላለፍበታል። እንደሚከተለው እናደርጋለን፦ ከታች ሁለት ረድፍ ዓይን አጥፈን በሲባጎ እንሰፋዋለን፤ በርዝመቱ የተረፈውን ቋሚው ላይ እንጠቀልላለን። ሳይቆረጥ ይሠራል፤ ነገ ለቆመው ቮሊቦል ተመልሶ ይዘረጋል።

ወንድና ሴት አንድ ላይ ሲለማመዱስ?

በ1 ሜትር ከ5 ጀምሩ። ጀማሪ ኳስ ማሳለፍ ካልቻለ ይሰለቻል። ቋሚው ላይ ሁለቱንም ከፍታ ምልክት አድርጉበትና እንደ ቀኑ ቀያይሩ።

ቋሚውን ማን ይሥራልን?

ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል። ክብ ብረት ቱቦ፣ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ መረቡ ከፍ ዝቅ የሚልበት ሁለት ሦስት ማሰሪያ። ከዳር መስመሩ ከግማሽ ሜትር እስከ 1 ሜትር ርቆ ይቆማል። ሹል ጠርዝ አይኑረው። ዙሪያውን ስፖንጅ ጠቅልላችሁ በሸራ ስፉበት። ቋሚውን በሽቦ ወጥሮ መሬት ላይ ማሰር አይፈቀድም፤ ሽቦው በተቀመጠ ሰው አንገት ልክ ነው የሚያልፈው።

መቆፈር የሚፈቀድላችሁ ከሆነ ሌላ ሰፋ ያለ ቱቦ መሬት ውስጥ ቅበሩና ቋሚውን እዚያ ውስጥ ክተቱት። ሲነሳ ቀዳዳው ክዳን ይኑረው፤ በነጭ በትር የሚሄድ ሰው ወይም ክራንች ቀዳዳው ውስጥ እንዳይገባ። መቆፈር ካልተቻለ አሮጌ የመኪና ጎማ በኮንክሪት ሞልቶ ቱቦውን መሀሉ ላይ ማቆም ይቻላል። መረቡ ሲወጠር ግን ወደ ውስጥ ይጎትተዋልና በውጭ በኩል አሸዋ የሞላ ከረጢት ጫኑበት። ከመጫወታችሁ በፊት በእጅ ወዝውዙት።

ኳሱ የተለየ ነው?

አይደለም። ዙሪያው ከ65 እስከ 67 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ260 እስከ 280 ግራም የሆነ የቮሊቦል ኳስ ነው። ለጀማሪ ትንሽ አየር ቀንሱለት።

ዊልቸሩና ክራንቹ የት ይቀመጥ?

ነፃ ቦታው ላይ አይሁን። ከዚያ ውጭ በአንድ ጎን ረጅም አግዳሚ ወንበር አድርጉ። ከወንበር ወደ መሬት መውረድና ተመልሶ መውጣት ለብዙዎች ከጨዋታው ይከብዳል፤ ስለዚህ አንድ ዝቅ ያለ ሣጥን ወይም ጠንካራ ፍራሽ በመሀል ቢኖር እንደ ደረጃ ያገለግላል። ሰው ሠራሽ እግር ውድ ነገር ነው። ሰው እየረገጠው የሚያልፍበት ቦታ አይጣል፤ መደርደሪያ ይሠራለት። ደግሞ ጠይቃችሁ ካልሆነ የማንንም ዊልቸር አትግፉ፣ አታንቀሳቅሱ። ባለቤቱ ዓይኑን ከእሱ ላይ አያነሳም።

እጅና ጭን እንዳይጎዳ ምን እናድርግ? ትራስ ላይ መቀመጥ ይቻላል?

ትራስ አይቻልም። ሕጉ ወፍራም ነገር ላይ መቀመጥን ይከለክላል፤ ቁመት ይጨምራልና። ረጅም ሱሪ ግን ይፈቀዳል። ይህ ለሴቶቻችን ትልቅ ነገር ነው፤ ቁምጣ ግዴታ መስሏቸው የቀሩ ነበሩ። ልምምድ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ቆዳውን ይይ፤ ስሜት የሌለው አካል ያለው ደግሞ በመስታወት ይይ ወይም ለሚያምነው ሰው ያሳይ። የቀላ ነገር ካለ በሚቀጥለው ቀን እረፍት ነው።

ወለሉን ከጨዋታ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ማበስ የግድ ነው። በበጋ የጎንደር አቧራ በአንድ ሌሊት ሊሾውን ይሸፍነዋል። ሰም አትቀቡት።

ክረምት ሲመጣ ምን ይሆናል?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የቤት ውጭ ሜዳ ተስፋ የለውም። የረጠበ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው ይበርደዋል፣ እጁም ይከዳዋል። ለእነዚህ ወራት ከሰኔ በፊት አዳራሽ ተነጋገሩ። አዳራሹ ቆርቆሮ ከሆነ ዝናቡ ሲበረታ ፊሽካ አይሰማም። ዳኛው በእጅ ምልክት ይሥራ፤ መስማት የተሳነው ተጫዋች ካላችሁ እንዲያውም ሁልጊዜ እንደዚያ ይሁን።

በበጋም ሰዓት ምረጡ። ፀሐይ የበላው ሊሾ ቁጭ አያስብልም። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል፤ ከጥር 9 እስከ 12 ልምምድ አትቅጠሩ።

አካል ጉዳት የሌለበት ሰው መጫወት ይችላል?

ለልምምድ ይምጣ፤ እኛ ጋ ወንድምና እህት፣ ጎረቤትም ይጫወታል። አሥራ ሁለት ሰው ለመሙላትም ይረዳል። መሬት ላይ ከተቀመጠ በኋላ ብልጫው የት እንደገባ ራሱ ያየዋል። በዓለም አቀፍ ውድድር ግን ተጫዋቾች በጉዳታቸው ዓይነትና መጠን ይመደባሉ። ጉዳታቸው ቀለል ካለው ምድብ በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ የሚገባው አንድ ተጫዋች ብቻ ነው።

እግር መስመር ካለፈ ጥፋት ነው?

በብዛት የሚያጨቃጭቀው ይህ ነው። የተጫዋቹ ቦታ የሚለካው በመቀመጫው እንጂ በእግሩ ወይም በእጁ አይደለም። ሰርቪስ ሲመታ መቀመጫው ከኋላ መስመሩ ውጭ ይሁን እንጂ እግሩ ሜዳው ውስጥ ሊዘረጋ ይችላል። በመረቡ ስርም እግር ወደ ተቃራኒ ሊያልፍ ይችላል፤ ተጋጣሚውን እስካላደናቀፈ ድረስ። ከቆመው ቮሊቦል የመጣ ዳኛ ይህን ቶሎ አይለምደውም፤ ሌላም አለ፣ እዚህ ሰርቪስን ብሎክ ማድረግ ይፈቀዳል። ቀድማችሁ ንገሩት። ለሜዳ ሠሪ ደግሞ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የመረቡ ታች ክፍት ይሁን፣ መሀል መስመሩ ላይ ጉብታ አይኑር።

ለውድድር ብንፈልገው ምን እንጨምር?

ሁለት አንቴና፣ ማለትም በመረቡ ግራና ቀኝ ዳር የሚታሰር ቀጭን ዘንግ፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ60፣ ከመረቡ በላይ 80 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ። የነጥብ ሰሌዳና የዳኞች ቦታ። ዋናው ግን 3 ሜትሩ ነፃ ቦታ በእርግጥ ነፃ መሆኑ ነው። የተመልካች ወንበር ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሜዳው አልቆ ሰው ባይመጣስ?

መጀመሪያ ላይ አይመጣም። ብዙው ሰው ቤት ውስጥ ነው፤ ስፖርት ለእሱ እንደሆነ የነገረው የለም። ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻውን አይሠራም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ክፍልና ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ቤተሰቦቹን ያውቃሉ፤ በእነሱ በኩል ሂዱ። ቤት ስትሄዱም ከወላጅ ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከሰውየው፣ ከራሷ ከልጅቷ ጋር ተነጋገሩ። ከበጀታችሁ ለባጃጅ ቀንሱ፤ አንድ ኳስ ቢቀር ይቅር። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ባጃጅ ቢጋሩ ሁለቱም አይቀሩም።

ቀኑንና ሰዓቱን አትቀያይሩ። ከቤት ለመውጣት ሰው የሚለምን ተጫዋች መጥቶ በሩ ተዘግቶ ካገኘው ሁለተኛ አይመጣም። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ካላችሁ፣ የሚመጣው ሁለት ሰው ብቻ ቢሆንም፣ በ2 ሰዓት ወለሉ ታብሶ መረቡ ተወጥሮ ይጠብቃቸው።